ሰንበትና ጀልባ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሕግን የሚያፈርሱ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሕጉን ከቶ ሳይጠብቅ ኖሮ እየሳቀ የሚያፈርስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ ኖሮ፣ በአንድ ክፉ ቀን ስለ ሌላ ሰው ሕይወት ሲል እያዘነ የሚያፈርስ ነው። ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከታቸው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን የሰማይና የምድር ያህል መሆኑን እኔ የተማርሁት ቦሌ ውስጥ በእናቴ ግቢ ተከራይተው ይኖሩ ከነበሩ አንድ ሽማግሌና ከአንዲት አሮጌ ጀልባ ነው። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ቢሆንም የራሱን ጥፋት ሸሽጎ ሌላውን የሚመክር ሰው ምክሩ ውሃ አያነሣምና፣ ነገሩን እንደ ነበረ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ 1983 ዓ.ም. ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር በነበረን ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እያከራየች ታሳድገን ነበር። በዚያ ዓመት ከጎንደር ገጠር የመጡ ብዙ የቤተ እስራኤል ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም የምንሄድበት ቀን ደርሷል ብለው በአዲስ አበባ ቤት እየተከራዩ ይጠባበቁ ነበር። ከእነርሱም መካከል አንድ በቀጥቃጭነት ሙያ የኖሩ ሽማግሌ፣ ከምራታቸውና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከሆነው የልጅ ልጃቸው ጋር ወደ እኛ ግቢ ገቡ። ጎረቤቶቻችን አጉረመረሙ። «ቀጥቃጭ ናቸው፣ ዓይናቸው አያምርም» እያሉ እናቴን ሊያስፈራሩ ሞከሩ። እናቴ ግን «ብረት ሠርቶ የሚበላ ሰው እህል ሠርቶ ከሚበላው በምን ያንሳል? ማረሻውንስ ማን ሠራለት?» ብላ ቁልፉን ሰጠቻቸው።

ሽማግሌው ትሑትና ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ግን ወዲያው ከእኛ ለይቶ አሳየን፤ እርሱም የሰንበት አከባበራቸው ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሥራ ሁሉ ይቆማል። ምራታቸው የነገውን ዳቦ ጋግራ ትጨርሳለች፤ ልብስ ይታጠባል፤ ገላ ይታጠባል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም በምድጃው ውስጥ ያለው ፍም ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ በዚያ ቤት እሳት አይነድም፣ ገንዘብ አይቆጠርም፣ ከሰፈር ወጥቶ መንገድ አይኬድም። ሽማግሌው ነጭ ለብሰው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው በግዕዝ ሲጸልዩ፣ ያ ጫጫታ የማያጣው ግቢያችን ራሱ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበርሁ። የተማርሁ መስሎኝ ያልገባኝን ነገር ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት እቆጥር ነበር። በጥር ወር አንድ ዓርብ ማታ ለሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ «ነገ ደብረ ዘይት ሄደን ሆራ ሐይቅ ላይ ጀልባ እንቅዘፍ» አልሁት። ዛሬ ቢሾፍቱ ተብላ በጥንት ስሟ የምትጠራው ከተማ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል ነበር። ልጁ ዓይኑ በራ፤ ነገር ግን ወዲያው ደነገጠና «ነገ እኮ ሰንበት ነው፤ ኩፋሌ ይከለክላል» አለኝ። ሽማግሌው ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ወጡና በእርጋታ አስረዱኝ። መጽሐፈ ኩፋሌ በሰንበት ከሚከለክላቸው ነገሮች መካከል መንገድ መሄድ፣ እሳት ማንደድና በመርከብ መጓዝ ይገኙበታል፤ ፍርዱም ሞት ነው አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ። «አባባ፣ ኩፋሌ የሚለው ስለ ባሕርና ስለ መርከብ ነው፤ ሆራ እኮ ኩሬ ነው፤ ጀልባውም ከገበታ አይበልጥም» አልኋቸው። እርሳቸው ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ ውሃው ትንሽ ቢሆን ሰንበት ትንሽ አትሆንም» ብለው ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ያን ጊዜ እንደ ባዕድ ወግ የሳቅሁበት መጽሐፍ የራሴም መጽሐፍ ነበር። ኩፋሌ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። በሌላው ዓለም ሲጠፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ ከሙት ባሕር አጠገብ ከነበሩት ዋሻዎች የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 ወዲህ ነው። ቅዳሜንም የሚያከብሩት ቤተ እስራኤል ብቻ አይደሉም። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ መከራ ተቀብለዋል፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450፣ በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወስኗል። ይህን ሁሉ ሳላውቅ በሽማግሌው መሳቄ በአያቶቼ መሳቄ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ልጁን ከአያቱ ሰውሬ ይዤው ሄድሁ። እምቢ ሲለኝ «ፈሪ» አልሁት፤ በዚያ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ የሚያስገድድ ቃል የለም። ለታናሽ እኅቴ ብቻ «ሆራ ሄደናል፤ በስድስት ሰዓት እንመለሳለን» አልኋት።

ሆራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ገደልና ዛፍ ነው፤ ማለዳ ሲያዩት እንደ መስተዋት ጸጥ ያለ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጀምራል። ጀልባ አከራዩ «ከመካከል አትለፉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል» ብሎ አስጠነቀቀን። እኔም እሺ አልሁና መካከሉን አለፍሁ። ልጁ መጀመሪያ ጠርዙን ጨብጦ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቆይቶ ግን እጁን ውሃው ውስጥ እየነከረ መሳቅ ጀመረ። እኔም የአያቱን ሕግ ያሸነፍሁ መሰለኝ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን ተረት የሠራው ሰው የዚያን ዕለት እኛን ያየ ይመስለኛል።

ነፋሱ ሲነሣ መቅዘፍ የማላውቅ መሆኔ ተገለጠ። ጀልባዋ ዞረች፤ ስደነግጥ አንዱ መቅዘፊያ ከእጄ አመለጠና ሄደ። በአንዱ ብቻ ስቀዝፍ ባለንበት መሽከርከር ሆነ። ማዕበሉ እየገፋ ወደ ማዶ ወሰደንና ከገደሉ ሥር፣ ውሃው ላይ ባዘነበለ ዛፍ ቅርንጫፍ መካከል ወሸቀን። ወደ ላይ እንዳንወጣ ገደል ነው፤ ወደ ውሃ እንዳንገባ ዋና የሚያውቅ ከሁለታችን አንድም የለም። ጀልባዋም ውሃ ታስገባ ነበር። እስኪደክመኝ ጮኽሁ፤ ነፋሱ ድምፄን መልሶ ለራሴ ሰጠኝ። ልጁ ግን አንድ ጊዜም አልወቀሰኝም። «ሰንበትን ስለ ናቅሁ ነው» እያለ በቀስታ ያለቅስ ነበር። ወዳጆቼ፣ ከዚያ ሁሉ ፍርሃት ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚቆረቁረኝ ይህ ቃል ነው። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ጸጸቱን የተሸከመው እርሱ ነበር።

ቤት የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ። ያን ጊዜ ወጣት ልጅ ከቤት ወጥቶ ሲዘገይ እናት መጀመሪያ የምታስበው ለውትድርና ታፍሶ ይሆናል ብላ ነው። እናቴ እየጮኸች ወደ በሩ ስትሮጥ ሽማግሌው ጸሎታቸውን አቋርጠው ተነሡ። እኅቴ የት እንደ ሄድን ተናገረች። «እሜቴ፣ ብቻዎን አይሄዱም» አሉና ከእናቴ ጋር የደብረ ዘይት አውቶቡስ ላይ ወጡ። ስድሳ ዓመት ሙሉ በሰንበት ከመንደራቸው ወሰን አልፈው የማያውቁ ሰው በሰንበት መኪና ተሳፈሩ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ከገደሉ ጀርባ ወርዳ ነበር። ጀልባ አከራዩ ነፋሱ እስኪበርድ እየጠበቀ ነበር። የቀረችው ሌላ ጀልባ ስንጥቅ ያለባት በመሆኗ፣ እርሱ ሲቀዝፍ ሌላ ሰው ተቀምጦ ውሃውን በጣሳ መቅዳትና ፋኖስ መያዝ ነበረበት። እናቴ ልግባ አለች። ሽማግሌው ግን ነጠላቸውን አጣፉና «ፋኖሱን ለእኔ ስጠኝ» አሉት። ከዚያ ከቅርንጫፎቹ መካከል እያየሁ ያ ብርሃን ውሃው ላይ እየተወዛወዘ ወደ እኛ መጣ። ሲቀርብ ፋኖሱን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ውሃ እየቀዱ የተቀመጡትን ሰው አወቅኋቸው። ኮከብ ገና አልወጣም፤ ሰንበትም ገና አላለቀችም ነበር። መንገድ፣ እሳት፣ ጀልባ፤ ዓርብ ማታ የቆጠሩልኝን ሦስቱንም በአንድ ቀን አፈረሱ። የመጀመሪያውን እጅ የዘረጉትም ለልጅ ልጃቸው ሳይሆን፣ ጀልባችን ያዘነበለችው በእኔ በኩል ነበርና፣ ለእኔ ነበር።

በመንገድ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ከማግሥቱ ጀምሮ ልብሳቸውን አጥበው፣ ገላቸውን ታጥበው፣ ሦስት ቀን ጾሙ። በአራተኛው ቀን ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። «አባባ፣ በእኔ ምክንያት ሰንበትዎን አፈረሱ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ተነሥ ልጄ» አሉኝ። «እናትህ ስታለቅስ የምሰጣት ነገር ፈለግሁ፤ ገንዘብ የለኝም፣ ጉልበት የለኝም። የነበረኝ ሀብት ስድሳ ዓመት የጠበቅሁት ሰንበቴ ነው። ያለኝ እርሱ ነበርና እርሱን ሰጠኋት።»

«ቅጣቱስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቅጣቱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ያውቅልኛል፤ ስሄድ እየሳቅሁ አልሄድሁም።»

ከዚያም ትንሽ ዝም ብለው ስለ ልጃቸው፣ ማለት ስለ ልጁ አባት ነገሩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእግሩ ወደ ሱዳን ሄዶ፣ በኋላ በሌሊት በትንሽ ጀልባ ባሕር እንደ ተሻገረ በደብዳቤ ሰምተዋል። «ያን ጀልባ የቀዘፈለትን ሰው አላውቀውም፤ ፋኖሱን ስይዝ ብድሩን የምከፍል መሰለኝ» አሉ።

ስለዚያ ባሕር የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪኩ በመጻሕፍት ሲወጣ ነው። በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ኢጣልያኖች የሠሩት አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት፣ ሞሳድ፣ ማንነቱን ሰውሮ ተከራየው። በቀን ከአውሮፓ የመጡ ጎብኚዎች በጀልባ እየተንሸራሸሩ፣ እየጠለቁም ዓሣና ዛጎል ይመለከታሉ። አንዳንድ ሌሊት ግን ያው አስተናጋጅ የሚመስለው ሰው ከስደተኞች ሰፈር ቤተ እስራኤልን በጭነት መኪና እያመጣ፣ በዚያ አካባቢ ባሉ ወሽመጦች ያደርሳቸዋል። ከዚያም በላስቲክ ጀልባ ራቅ ብላ ወደምትጠብቅ መርከብ ይወሰዳሉ። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ተኩስ ከከፈቱ ወዲህ ሰዎቹን በአውሮፕላን ማውጣት ተጀመረ፤ መንደሩም በ1985 ተዘጋ። ወደ ሱዳን በእግራቸው ከተጓዙት ወደ 4,000 የሚሆኑት በመንገድና በስደተኞች ሰፈር እንደ ሞቱ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌምም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ይህን ሳነብ ጀልባ በራሷ ኃጢአትም ጽድቅም እንደሌላት ተረዳሁ። አንዷ ወሽመጥ በቀን የደስታ፣ በሌሊት የነፍስ ማዳኛ ነበረች። የሚለየው በውስጧ የተቀመጠው ሰው ለምን እንደ ተቀመጠ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በዚያው ዓመት ግንቦት 16 ቀን፣ ዓርብ፣ ቤተ እስራኤል ሁሉ ወደ እስራኤል ኤምባሲ እንዲመጡ ጥሪ ደረሰ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጡ ሦስት ቀን ሆኖ ነበር፤ የኢሕአዴግም ሠራዊት ወደ ከተማይቱ ተቃርቦ ነበር። ሽማግሌው መዶሻቸውንና ጉጠታቸውን ለእናቴ መታሰቢያ ትተው፣ ነጭ ለብሰው ከቤት ወጡ። ሰንበት ልትገባ ጥቂት ሰዓት ብቻ እንደ ቀራት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው የልቤን አወቁብኝና፣ «ዛሬም ልጆች ውሃ ላይ ናቸው» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ያን ሌሊትና በማግሥቱ ቅዳሜ የአውሮፕላን ድምፅ ከቦሌ ሰማይ አልጠፋም። በሁለቱ ቀኖች ውስጥ 14,325 ሰዎች ተወሰዱ። በአንዱ ትልቅ አውሮፕላን ወንበሩ ተነቅሎ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፍሮበት ነበር። ኤል አል የተባለው የእስራኤል አየር መንገድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ በሰንበት መብረር ያቆመ ሲሆን፣ ያን ሰንበት ግን በረረ። የአይሁድ ሊቃውንት ለመዝናናት ሲሆን ሰንበት ሦስት ቀን ሲቀራት እንኳ መርከብ እንዳይሳፈሩ ያዝዛሉ፤ የሰውን ነፍስ ማዳን ግን ሰንበትን ይሽራል ብለው በታልሙድ ከጻፉ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌው ይህን ድንጋጌ ያውቁት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በኩፋሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈቃድ አልተጻፈም፤ እርሳቸው የሆራን ጀልባ የተሳፈሩት ፍርዱ ሞት ነው ብለው እያመኑ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ወደ ሆራ ሄድሁ። ዛሬ ከቦሌ ተነሥቶ ቢሾፍቱ መድረስ ቀላል ነው፤ የወጣቶች ጭፈራና የጀልባ ሽርሽር በየሳምንቱ ነው። መንሳፈፊያ ሰደርያ አስለብሼ፣ ከሚያውቅ ቀዛፊ ጋር አሳፍሬ፣ ያን ገደል አሳየኋቸውና ታሪኩን ነገርኋቸው። ትንሹ ልጄ «ታዲያ ቅዳሜ ጀልባ መቅዘፍ ኃጢአት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «የጥያቄው ዋና ቁም ነገር እዚያ ላይ አይደለም» አልሁት።

ለእናንተም፣ ወጣቶች ሆይ፣ የምላችሁ ይህንኑ ነው። ዘመኑ ሰፊ ነው፤ ብዙ ነገር ተፈቅዶላችኋል፤ በዚህም አልቀናባችሁም። ነገር ግን ምንም የማይጠብቅ ሰው በክፉ ቀን የሚሰጠው ነገር እንደማይኖረው እወቁ። ሰንበት ቢሆን፣ ጾም ቢሆን፣ ለእናት የተገባ ቃል ቢሆን፣ ወይም በየቀኑ ሳይቀር የሚሠራ ትንሽ ሥራ ቢሆን፣ በደስታም በድካምም ጊዜ የምትጠብቁት አንድ ነገር ይኑራችሁ። የሌላውንም ጥብቅ ወግ ስታዩ ከመሳቃችሁ በፊት፣ ይህ ሰው ያጠራቀመው ሀብት ምን ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት አንድ ቀን ጀልባችሁ በገደል ሥር ስትያዝ፣ ያን ሀብት ስለ እናንተ ብሎ የሚሰጠው እርሱ ይሆናል።

የሽማግሌው መዶሻ ዛሬም በቤቴ አለ። ዓርብ ማታ አውሮፕላን በጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ አየዋለሁ።